«ከታክስ ሕግ ጋር የተጣጣመ» ሶፍትዌር ብቻውን ደረሰኝ አይሆንም

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ከተመረቅኩ በኋላ ተቀጥሬ አላውቅም። ለሆቴሎችና ለነጋዴዎች ድረ ገጽና ትንንሽ ሲስተም እየሠራሁ ነው የምኖረው። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) አለኝ፣ ንግድ ፈቃድ ግን የለኝም። በቅርቡ ለአንድ ፋብሪካ የ40,000 ብር ሥራ ሠራሁና ከኢንተርኔት ባገኘሁት የኢንቮይስ መተግበሪያ ኢንቮይስ አዘጋጅቼ በፒዲኤፍ ላክሁ። ፋይናንስ ክፍሉ ‹ይህ ደረሰኝ አይደለም› ብሎ መለሰው። መተግበሪያው ግን ከታክስ ሕግ ጋር የተጣጣመ ነው ይላል፤ በየወሩ በዶላር እየተከፈለበት ነው። አንድ ጓደኛዬ ‹በእኔ ደረሰኝ ልቁረጥልሽ፣ 5 በመቶ ብቻ ስጪኝ› አለኝ። ምን ይሻለኛል? የካሽ ሬጅስተር ማሽን ልግዛ? የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም? ውጭ አገር ያለ ደንበኛስ ቢመጣ?»

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄው ብዙ ይመስላል እንጂ መነሻው አንድ ነው። መጀመሪያ አጭር አጭሩን ልመልስ። የፋብሪካው ፋይናንስ ትክክል ነው። የጓደኛሽን ደረሰኝ አትንኪው። ማሽን ለመግዛት ገና ነሽ። መተግበሪያውን ለሌላ ሥራ ልታቆዪው ትችያለሽ፣ ደረሰኝ ይሆነኛል ብለሽ ግን ዶላር አትክፈይበት። አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ።

መተግበሪያው ውሸት ላይናገር ይችላል። «ከታክስ ሕግ ጋር የተጣጣመ» ሲል ግን የማን አገር ሕግ እንደሆነ ጠይቂው። ሳዑዲ አረቢያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ነጋዴዎቿን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ እንዲቆርጡ አስገድዳለች። ኬንያም ኢቲምስ የሚባል የራሷ ሥርዓት አላት። የውጭ ሶፍትዌር ሻጮች ምርታቸውን ከእነዚህ ጋር አገናኝተው «ተጣጥሟል» ይላሉ። እዚያ እውነት ነው። የእኛ ግብር ሰብሳቢ ግን ያንን ሶፍትዌር አያውቀውም። አላጸደቀውም፣ መረጃም አይቀበልበትም። 15 በመቶ ቫት ማስላትና ሎጎ ማስቀመጥ መቻሉ ይህን አይለውጠውም።

በእኛ አገር ደረሰኝን ደረሰኝ የሚያሰኘው ዲዛይኑ አይደለም። ግብር ሰብሳቢው አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ይህ የሚሆንበት መንገድ ሦስት ነው።

አንደኛው በእጅ የሚቆረጠው የታተመ ደረሰኝ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት፣ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው ከማሳተሙ በፊት የደረሰኙን ዓይነትና ብዛት ማስመዝገብ አለበት። ማተሚያ ቤቱም ዝም ብሎ ማተም አይችልም። ስለዚህ የደረሰኙ ጥራዝ እጅሽ ሲገባ ከቁጥር ስንት እስከ ቁጥር ስንት እንደያዝሽ የገቢዎች ቢሮው ያውቃል። አንድ ቅጠል ብትጎድል ትጠየቂያለሽ። ስትሳሳቺም ቀደሽ አትጥይም። ዋናውንም ቅጂውንም «ተሰርዟል» ብለሽ እዚያው ጥራዙ ላይ ትተይዋለሽ። አሁን ደግሞ ኪውአር ኮድ ያለባቸው የእጅ ደረሰኞች መጥተዋል፤ ገዢው በስልኩ ቃኝቶ እንዲያረጋግጥ ታስቦ ነው። አንቺ ስትሄጂ የትኛውን እንደሚሰጡሽ እዚያው ጠይቂ።

ሁለተኛው በተለምዶ ካሽ ሬጅስተር የምንለው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ነው። ግዴታው የመጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ነው። ማሽኑ ውስጥ የማይሰረዝ ፊስካል ማስታወሻ አለ፣ በማኅተም የታሸገ ነው፣ በሲም ካርድ መረጃ ይልካል። ማታ ማታ ዜድ ሪፖርት የሚባለው የቀኑ ሽያጭ ማጠቃለያ ይወጣለታል። ደሴ ፒያሳ ካፌ ገብተሽ የሚሰጡሽን ደረሰኝ ልብ ብለሽ እዪው። ላዩ ላይ ቲን አለ፣ የኤፍኤስ ቁጥር (የደረሰኙ ተራ ቁጥር) አለ፣ ግርጌው ላይ የማሽኑ መለያ አለ። ሕጋዊነቱ ያለው እነዚያ ቁጥሮች ላይ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በኮምፒውተር ሶፍትዌር ይሠሩና ደረሰኙን ከሶፍትዌሩ ጋር በተገናኘ ፊስካል ፕሪንተር ያወጣሉ። እዚያም ቢሆን ደረሰኙን ሕጋዊ ያደረገው ከጀርባ ያለው የተመዘገበ ፕሪንተር ነው።

ሦስተኛው አዲሱ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ነው። የገቢዎች ሚኒስቴር ከማሽን ወደዚህ የሚወስድ ሥርዓት ዘርግቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሽያጩን ሶፍትዌርሽ ላይ ትመዘግቢያለሽ። መረጃው ወደ ሚኒስቴሩ ሲስተም ይሄዳል። እዚያ ተመዝግቦ መለያ ቁጥርና ኪውአር ኮድ ይዞ ይመለሳል። ገዢው እጅ የሚገባው ያ ነው። እንዳንቺ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር የለም፣ እኔም በጣም የምጓጓለት ነገር ነው። ግን እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ ሶፍትዌሩ ከሚኒስቴሩ ሲስተም ጋር ካልተገናኘ ባዶ ወረቀት ነው። አንድ ሻጭ መጥቶ «የእኛ ሲስተም ሕጋዊ ነው» ካለሽ ሁለት ነገር ጠይቂው። የዕውቅና ደብዳቤውን ያሳይሽ። በእሱ ሲስተም የተቆረጠ ደረሰኝ ይስጥሽና ኪውአሩን እዚያው ፊቱ ቃኚው። የሚያመነታ ከሆነ ተዪው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ፣ ታዲያ ፒዲኤፍ ሕጋዊ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ይመጣል። አዋጁ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ እንዳይደረግ ይጠብቃል። ከደንበኛሽ ጋር በኢሜይል የተዋዋልሽው ነገር ማስረጃ ይሆንሻል። ነገር ግን ያልተመዘገበ ኢንቮይስን የግብር ደረሰኝ አያደርገውም። የቴሌብር መልእክትና የባንክ ስክሪንሾትም እንዲሁ ናቸው። ገንዘብ መንቀሳቀሱን ያሳያሉ፣ ደረሰኝን ግን አይተኩም።

ታዲያ አንቺ የላክሽው ወረቀት ምንድን ነው? የክፍያ መጠየቂያ ነው። ነውር የለውም፤ ሥራ ላይ የሚውል ወረቀት ነው። ከሥራው በፊት ፕሮፎርማ ትሰጫለሽ፤ ዋጋሽን ያሳያል። ሥራው ሲያልቅ የክፍያ መጠየቂያ ትልኪያለሽ። ከዚያ ደረሰኝ ትቆርጫለሽ። ፋይናንስ ክፍሉ ሦስተኛውን ሲጠብቅ አንቺ ሁለተኛውን ላክሽ፤ የተፈጠረው ይኸው ነው። እነሱ ደግሞ ወደው አይደለም የሚጨነቁት። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ኦዲት ሲመጣ ይወድቅባቸዋል። ወጪው ከተጣለ በ40,000 ብሩ ላይ ግብር የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የሶፍትዌር ጥያቄ መጨረሻ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከፊቱ «አንቺ በግብር ዓይን ማን ነሽ?» የሚለው አለ።

ቲን አለሽ፣ ጥሩ። ቲን ግን መለያ ነው እንጂ የመነገድ ፈቃድ አይደለም። በራስሽ ስም ገንዘብ እየተቀበልሽ አገልግሎት ስትሸጪ ነጋዴ ነሽ። ንግድ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ኮምቦልቻ የምትሠሪ ከሆነ ኮምቦልቻ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ታወጫለሽ። ቤትሽ ደሴ ሆኖ ሥራሽ ኮምቦልቻ ከሆነ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ የሥራ አድራሻ ብለሽ ያስመዘገብሽው ቦታ ይወስናል። ሁለቱ ከተሞች ቢቀራረቡም የየራሳቸው አስተዳደርና የየራሳቸው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት አላቸው። ቲንሽ በአገሪቱ አንድ ነው፤ ፋይልሽ ግን አንድ ቦታ ነው የሚከፈተው። የሥራ መደቡን ስትመርጪ ተጠንቀቂ። «ሶፍትዌር ማልማት» ብለሽ አውጥተሽ የቢልቦርድ ህትመት ብትሸጪ ፈቃድሽና ደረሰኝሽ አይገናኙም፤ ፋይናንስ ክፍሎች ይህን ያዩታል።

የግለሰብ ነጋዴ ግብር በሕገ መንግሥቱ የክልል ነው። ስለዚህ አንቺ የአማራ ክልል ግብር ከፋይ ነሽ። ክልሉ የራሱን አዋጅና መመሪያ ያወጣል፤ ከፌደራሉ ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ነው የሚዘጋጀው። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የፌደራሉ ናቸው። ፋይልሽን ስትከፍቺ በክልሉ አፈጻጸም እንዴት እንደሆነ አረጋግጪ፤ ያረጋገጠልሽን ባለሙያ ስምና ቀኑን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ።

የግብር ከፋይ ደረጃ ለረጅም ጊዜ ሀ፣ ለ እና ሐ ነበር። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዓመት 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሚሸጥ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1 ሚሊዮን «ለ»፣ ከዚያ በታች «ሐ» ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ይህን ወደ ሁለት አጠፈው። 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ «ሀ»፣ ከዚያ በታች «ለ» ሆነ። አሁንም «ሐ ነኝ» የሚል ሰው ታገኛለሽ፤ የድሮውን እያወራ ነው።

ቫት ሌላ ነገር ነው። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነው፣ ምጣኔው እንደ ድሮው 15 በመቶ ነው። የመመዝገቢያው ወለል ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ በታች ብትሆኚ በፈቃድሽ ለመመዝገብ ማመልከት ትችያለሽ። ለአንዳንዱ ሰው ይጠቅመዋል፤ ደንበኞቹ ሁሉ ፋብሪካና ድርጅት ከሆኑ የከፈሉትን ቫት ራሳቸው ለመንግሥት ከሚያስገቡት ቫት ላይ ስለሚያቀናንሱት አይከብዳቸውም። ደንበኞችሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ከሆኑ ግን በዋጋሽ ላይ 15 በመቶ ጨመርሽባቸው ማለት ነው። በየወሩ ማሳወቅም አለ፣ ሥራ በሌለበት ወርም ቢሆን። ሥራ የለኝም ብሎ ሳያሳውቅ ቀርቶ ቅጣት የተከመረበት ወጣት አንድ ሁለት አይደለም። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ገና ለጀመረ ሰው አልቸኩልም።

እዚህ ላይ መተግበሪያሽ ወጥመድ አለው። ብዙዎቹ ሲከፈቱ የታክስ መስመር ይዘው ነው የሚመጡት። አንቺም ባለሙያ እንዲመስል ብለሽ 15 በመቶ ሞልተሽ ሊሆን ይችላል። ለቫት ሳትመዘገቢ ቫት የሚል መስመር ጽፎ ማስከፈል ከባድ ጥፋት ነው። ቅጣት አለው፣ የሰበሰብሽውንም ትመልሺያለሽ። ዛሬውኑ መተግበሪያውን ክፈቺና ያንን መስመር አጥፊው። የላክሽው ፒዲኤፍ ላይ ቫት ካለበት ለፋብሪካው ጻፊና «የቀደመው የክፍያ መጠየቂያ ተሰርዟል» ብለሽ በአዲስ ተኪው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፋብሪካው ሲከፍልሽ ቀንሶ ይከፍላል። ይህ ዊዝሆልድ የሚባለው ነው። በ2008ቱ አዋጅ 2 በመቶ ነበር፤ አገልግሎት ከሆነ ከ3,000 ብር በላይ ላይ ይቆረጥ ነበር። በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆነ፣ የአገልግሎት ወለሉም ወደ 10,000 ብር ከፍ አለ። ስለዚህ ከ40,000 ብርሽ ላይ 1,200 ብር ይቆረጥና 38,800 ይደርስሻል። ለቫት የተመዘገብሽ ብትሆኚ 6,000 ብር ቫት ይጨመርና 46,000 ይሆናል። የሚቆረጠው 3 በመቶ ግን ቫቱ ሳይጨመር ከ40,000ው ላይ ነው፣ ያው 1,200። ቲን የማያቀርብ ሰው ደግሞ 30 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ከ40,000 ብር 12,000 ማለት ነው። ቲን እንደሌለው ሰው ተቆጥሮብሽ እንዳይቆረጥ የቲንሽን ቅጂ ከክፍያ መጠየቂያው ጋር አያይዢ።

ብዙ ልጆች ይህን 3 በመቶ እንደ ኪሳራ ያዩታል። አይደለም። አስቀድመሽ የከፈልሽው ግብር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ ከሚወሰንብሽ ግብር ላይ ይቀነስልሻል፤ ግን ወረቀቱ ካለሽ ብቻ ነው። ፋብሪካው የቆረጠውን ገቢ የሚያደርገው ለራሱ ግብር ሰብሳቢ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያሉት ዓይነት ድርጅቶች በአብዛኛው ፋይላቸው ፌደራል ነው። የአንቺ ፋይል ከተማው ጋ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው አንቺ እጅ ያለችው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ናት። ቼኩን ስትቀበዪ ወይም ገንዘቡ ሲገባልሽ፣ ያቺን ወረቀት ሳትይዢ ከፋይናንስ ክፍሉ አትውጪ። «በኋላ እንልክልሻለን» የሚባለው ብዙ ጊዜ አይላክም። ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ኦዲት ውስጥ ስለሆነ የሚያናግርሽም አታገኚም። ስምሽና ቲንሽ በትክክል መጻፉን እዚያው ቆመሽ እዪ። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ብርሽ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በፍሪላንስ ሥራ ውስጥ ያሉ ወጣቶችን ከምንም በላይ እያበላሸ ያለው ይህ ነው። ነገሩ እርዳታ ይመስላል። ጓደኛሽም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን የሚሆነውን ተከተዪው። ጓደኛሽ በስሙ የ40,000 ብር ደረሰኝ ይቆርጣል። በሕግ ፊት ያንን ሥራ የሠራው እሱ ነው፣ አንቺ የለሽም። ዊዝሆልዱ በእሱ ቲን ይቆረጣል። ዓመታዊ ሽያጩ በ40,000 ያድጋል። ለሦስት አራት ጓደኛ እንዲህ ካደረገ ደረጃው ሊቀየር ወይም የቫት ወለሉን ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ 5 በመቶው እንደማትበቃው ይገባዋል። ይመጣና ተጨማሪ ይጠይቅሻል። አትሰጪውም፣ ትጣላላችሁ።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያልተደረገ ሽያጭ ደረሰኝ መቁረጡ ነው። ጓደኛሽ ለፋብሪካው ምንም አልሸጠም። ያልተከናወነ ግብይት ላይ ደረሰኝ ማውጣት፣ ያንን ደረሰኝ ማቅረብና መጠቀም በታክስ አስተዳደር አዋጁ ወንጀል ነው። በገንዘብ ብቻ አያበቃም፣ እስራት አለው። ሰጪውም ተቀባዩም ይጠየቃሉ። ፋብሪካው ደግሞ ውሉ ካንቺ ጋር፣ ኢሜይሉ ካንቺ ጋር፣ ደረሰኙ ከሌላ ሰው መሆኑ ኦዲት ላይ ሲገለጥ ወጪው ይጣልበታል። ሁለተኛ ሥራ ይሰጥሻል ብለሽ እንዳትጠብቂ። ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ሰው የሚተዋወቅበት አገር ነው። የሒሳብ ባለሙያዎቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ።

አንድ ሌላ ጉዳትም አለው፣ ማንም አይነግርሽም። በስምሽ የተመዘገበ ሥራ አይኖርሽም። ነገ ባንክ ብድር ስትጠይቂ ገቢሽን አሳዪ ይላል። ጨረታ ላይ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብሽ የሚያሳይ ወረቀት) እና የቀድሞ ሥራ ማስረጃ ይጠየቃል። የሦስት ዓመት ሥራሽ በጓደኛሽ ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ፋብሪካው ራሱ «በጊዜያዊ ቅጥር አድርገን እንክፈልሽ» ሊልሽም ይችላል። ያኔ የደመወዝ ግብር ቆርጦ ይከፍልሻል፣ ደረሰኝም አይጠይቅሽም። በእርግጥ እዚያ ገብተሽ በእነሱ ሰዓት፣ በእነሱ አለቃ ሥር ከሠራሽ ችግር የለውም። በራስሽ ቤት፣ በራስሽ ኮምፒውተር ሠርተሽ ያስረከብሽውን ሲስተም ግን ደመወዝ ማለት ልክ አይደለም።

ማሽን ስለመግዛት ያልሽውን ልመልስ። ማሽን ከገበያ እንደ ስልክ ገዝተሽ የምትጀምሪው ዕቃ አይደለም። ዕውቅና ካለው አቅራቢ ይገዛል፣ በስምሽና በአድራሻሽ ይመዘገባል፣ ቴክኒሺያን መጥቶ ያሽገዋል፣ በየዓመቱ ይመረመራል። አድራሻ ስትቀይሪ አስቀድመሽ ታሳውቂያለሽ። ሲበላሽ ዝም ብለሽ አትከፍቺውም፣ ለአገልግሎት ማዕከሉና ለቢሮው ትናገሪያለሽ። ያገለገለ ማሽን በርካሽ አለ ቢሉሽ እንዳትነኪው፤ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ማስታወሻ ይዟል። ለቫት ከተመዘገብሽ ወይም ደረጃ «ሀ» ከገባሽ የማሽን ጉዳይ መምጣቱ አይቀርም። አሁን ባለሽበት ግን በመጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ በእጅ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው። ቢሮው በሥራ ዘርፍሽ ምክንያት ግዴታ አለብሽ ካለሽ ደግሞ ግዴታውን በጽሑፍ ጠይቂና በዚያ መሠረት ግዢ።

ደረሰኝ ከያዝሽ በኋላ የምትፈተኚው በጊዜው ነው። ድርጅቶች «መጀመሪያ ደረሰኝ አምጪ፣ ከዚያ እንከፍላለን» ይላሉ። የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ ከቆረጥሽ ገንዘቡን ተቀብያለሁ ብለሽ ፈረምሽ ማለት ነው። ገንዘቡ ግን ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ያለው። ሥራውን ስታስረክቢ የዱቤ ሽያጭ ትቆርጫለሽ። ገንዘቡ ሲመጣ የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ትሰጫለሽ። ለቫት ስትመዘገቢ ይህ የበለጠ ያሳስባል። ደረሰኝ ከቆረጥሽ ያላገኘሽውን ገንዘብ ቫት በሚቀጥለው ወር ከኪስሽ ልትከፍዪ ነው። ስለዚህ ውል ላይ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ይጻፍ፣ ቅድመ ክፍያም ጠይቂ።

የውጭ ደንበኛ ያልሽው ላይ መተግበሪያሽ በደንብ ይሠራል። ናይሮቢ ወይም ዱባይ ያለ ሰው የእኛን ጥራዝ አይፈልግም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ንጹሕ ኢንቮይስ ይበቃዋል። ሁለት ነገር ግን ልብ በዪ። የኢትዮጵያ ነዋሪ ከዓለም የትም ያገኘው ገቢ እዚህ ግብር አለበት። ደንበኛው ውጭ ስለሆነ ገቢው የለም አይባልም። በቫት በኩል ደግሞ ወደ ውጭ የተላከ አገልግሎት ዜሮ ምጣኔ ነው። ይህ ከቫት ነጻ ከሚባለው የተለየ ነው። ዜሮ ምጣኔ ላይ ደንበኛውን ቫት አታስከፍዪም፣ ከተመዘገብሽ ግን ለሥራው የከፈልሽውን ቫት ማቀናነስ ትችያለሽ። የሚያስፈልግሽ ማስረጃ ነው። ውሉ፣ ኢንቮይሱና ገንዘቡ በባንክ መግባቱን የሚያሳየው የባንክ ወረቀት፣ ሦስቱ በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ዶላሩን በጥቁር ገበያ ያስገባ ሰው ይህን ማስረጃ የትም አያገኘውም።

ስለዚህ መተግበሪያውን እንደ ጸሐፊ ተጠቀሚበት። ፕሮፎርማ ይጻፍበት፣ የክፍያ መጠየቂያ ይላክበት፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደዘገየ ይያዝበት። በየክፍያ መጠየቂያው ግርጌ «ይህ ሰነድ የግብር ደረሰኝ አይደለም» የሚል መስመር ጨምሪ፤ ፋይናንስ ክፍሎች ይህን ሲያዩ ያከብሩሻል። ስምሽን ቲኑ ላይ እንዳለው ጻፊው፣ ፊደል እንዳይለያይ። የደንበኛውን ስምና ቲንም እንዲሁ። የክፍያ መጠየቂያውን ቁጥር ደረሰኙ ላይ፣ የደረሰኙን ቁጥር ደግሞ መተግበሪያው ውስጥ መዝግቢ። የውጭ መተግበሪያ ዓመቱን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው የሚቆጥረው። የአንቺ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሪፖርቱን በእጅሽ ካልከፋፈልሽው ሐምሌ ላይ የምታቀርቢው ቁጥር ከደረሰኞችሽ ጋር አይገጥምም። ለሥራው የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ። ለኢንተርኔት፣ ለኮምፒውተር፣ ለቤት ኪራይ የከፈልሽበትን ደረሰኝ በስምሽና በቲንሽ አስቆርጪ። መዝገብ ስትይዢ ወጪ የሚሆንልሽ ያ ነው። ሁሉንም ቢያንስ ለ5 ዓመት አስቀምጪ። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ይለቃል፤ ባገኘሽው ቀን ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪው፣ ዋናውንም አትጣይ።

ያቺ የ40,000 ብር ሥራ ምን ትሁን? ፋይናንስ ክፍሉን ሄደሽ አናግሪያቸው። ንግድ ፈቃድ እያወጣሽ እንደሆነ ንገሪያቸውና ክፍያው እስከዚያ እንዲቆይ በጽሑፍ ጠይቂ። ሥራውን ተረክበው የሚጠቀሙበት ከሆነ የርክክብ ወረቀት አስፈርሚያቸው፤ ገንዘቡ ቢዘገይ ሥራሽን ማንም አይክደውም። ከዚያ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ገቢዎች። ገቢዎች ስትሄጂ «ደረጃዬ ምንድን ነው? በዘርፌ ቫትና ማሽን ግዴታ አለብኝ? የእጅ ደረሰኝ እንዴት አሳትማለሁ? ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ለእኔ ክፍት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ፈቃድ ከማውጣትሽ በፊት የሠራሽው ሥራ እንዳለም ደብቀሽ አትቅሪ፣ እንዴት እንደሚስተናገድ እዚያው ጠይቂያቸው። ደረሰኙ ሲመጣ የምትቆርጪበትን ቀን ጻፊበት። ወደኋላ አድርገሽ ሥራው ያለቀበትን ቀን እንድትጽፊ የሚመክርሽ ሰው ቢኖር እሺ አትበዪ፤ ጥራዙ የታተመበት ቀን ቢሮው ጋ አለ።

ፈቃዱና ጥራዙ እጅሽ ሲገባ ጻፊልኝ። የመጀመሪያዋን ደረሰኝ ከመቁረጥሽ በፊት አብረን እናያታለን።